ከግድግዳው ማዶ ያለው ተጠቃሚ

«ምክንያት ይጻፉ» ይለኛል ስክሪኑ። ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ናቸው፤ የምጽፈው ግን አልመጣልኝም።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሰውየው ከሄደ ሰርዢውና አዲሱን ሠራተኛ አስገቢ» ይላል ቴክኒሺያኑ ማስቲካውን እያላመጠ። ከውጭ በኮንትራት የመጣ ነው። ሰውየው ባሌ መሆኑን አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም።

እዚሁ የውሃ ማከፋፈያ ጣቢያ አብረን ነው የሠራነው። እኔ በዚህ ክፍል፣ እሱ ከግድግዳው ማዶ። ለላይኛው ሰፈር ውሃ የሚለቀቀው ሁለት ሰው ከየስክሪኑ ትእዛዝ ሲሰጥ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ ማዶ እየተሻገርኩ በስሙ የማዘውም እኔ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት አሮጌው ኮምፒውተር ተቃጠለ። ቴክኒሺያኑ በውስጡ የነበረውን ገልብጦ፣ አሮጌውን ማሽን አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ አስነሳው። እጁ ይባረክ፣ አረንጓዴው ጽሑፍ ሳይቀር እንደ ድሮው ነው። የባሌም ስም እንደ ድሮው ከስሜ ሥር ተቀምጧል። ቦታው ሁለት ብቻ ስለሆነ እሱ ካልተነሳ ሌላ ሰው ፈቃድ አያገኝም። የላይኛው ሰፈር ጤና ጣቢያ ታንከር ደግሞ ሊደርቅ ነው፤ አዋላጇ ከጠዋት ጀምሮ ስትደውል ውላለች።

ችግሩ ባሌ ራሱ ማሽኑ ላይ ያስጫነው ደንብ ነው። አንድ ጊዜ ከእረፍት ሲመለስ አለቃው ፈቃዱን ነጥቆት ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ማንም ራሱ በሌለበት አይሰረዝም። ምክንያቱ ተጽፎ ወደ ራሱ ስክሪን ይላካል፤ ካልተስማማ ይቀራል።

«እና ማን ይስማማልኝ?» እላለሁ። «የእሱ ስም የሚሠራበት የማዶው ስክሪን ተነቅሎ ተጥሏል፤ አዲሱም ሠራተኛ የሚያዘው ከዚሁ ላፕቶፕ ነው።»

«መልስ ሲያጣ ወይ ያልፈዋል ወይ እምቢ ይላል። እምቢ ካለ የፕሮግራሙን ሆድ ከፍቼ አወጣዋለሁ፤ እስከ ነገ ግን ትታገሺኛለሽ።»

«ተዛውሯል» ብዬ እጽፋለሁ። አፌ የለመደው ነው። ለእናቱም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ልባቸው ደካማ ስለሆነ ዘመድ ተሰብስቦ «ትንሽ ይቆይ» አለ፤ ትንሹ ወራት ሆነ። እዚሁ የጣቢያው ግቢ ውስጥ አብሬያቸው የምኖረው እኔ ስለሆንኩ የምዋሸውም እኔ ነኝ። ጥቁር ልብሴን ዕቃ ቤት ገብቼ እለብሳለሁ፤ ወደ ቤት ስገባ አወልቃለሁ። እማማ ከበረንዳቸው ሆነው ከሩቅ «ዛሬስ ደወለ?» ይሉኛል። «ደወለ፣ ሰላም ብሎዎታል» እላለሁ።

ስክሪኑ ወዲያው ይመልሳል፦ ተጠቃሚው አልተስማማም።

«ይኸው፣ አላልኩሽም?» ይላል ቴክኒሺያኑ።

«አሞታል» እጽፋለሁ። ይህ ደግሞ ለእማማ ለሚቀጥለው ሳምንት ያዘጋጀሁት ነው።

ተጠቃሚው አልተስማማም።

ቴክኒሺያኑ ይስቃል። «ሰውየው ግትር ነበር መሰለኝ።»

«ቀርፋፋ ነበር እንጂ ግትር አልነበረም» እላለሁ፤ ተናድጃለሁ። እውነቴን ነው፣ ባሌ በአንድ ጣት ነበር የሚጽፈው። ግድግዳውን እየደበደብኩ «ኧረ ቶሎ በል፣ ሰው ውሃ ጠማው» ስለው፣ ከወዲያ «ምን ያጣድፍሻል?» ይለኝ ነበር።

ስልኩ ይጮኻል። አዋላጇ ናት። «የኔ እህት፣ ምጥ የያዛት ሴት አልጋ ላይ ናት፤ እጄን የምታጠብበት እንኳ የለኝም» ትላለች። ስልኩን ስዘጋው ውሸቱ ሁሉ በአንዴ ይሰለቸኛል። በአፌ ብዬው የማላውቀውን ቃል እጽፋለሁ፦ ሞቷል።

«ሞቷል እንዴ?» ይላል ቴክኒሺያኑ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከስክሪኑ መልስ አይመጣም። እንጠብቃለን። ቴክኒሺያኑ ማላመጡን ያቆማል። «እንዲህ መዘግየት የለበትም» ይላል። ተነስቶ የማዶውን ክፍል አይቶ ይመለሳል።

«ማንም የለም» ይላል፤ ማን እንዳለ ግን አልጠየቅኩትም። ሲቀመጥ ወንበሩን ከላፕቶፑ ትንሽ ያርቀዋል። እኔም ፈርቻለሁ። ከፍርሃቱ የባሰብኝ ግን አነጋገሬ ነው፤ መርዶ እንዲህ በአንድ ቃል ይነገራል?

ከዚያ ፊደሎቹ ይመጣሉ። እስካሁን እንደመጡት በአንዴ አይደለም፤ አንድ በአንድ፣ እየቆሙ።

ተስማማሁ።

የባሌ ስም ከስሜ ሥር ይጠፋል። የአዲሱን ሠራተኛ ስም አስገባለሁ፣ ፈቃዱን እሰጣለሁ። የውሃው ትእዛዝ ግን አልከፈት ይለኛል። የርክክብ መስመር ወጥቷል። ድሮም ፈረቃ የሚለቅ ሰው ለሚረከበው አንድ ነገር ጽፎ ይወጣል፤ ሳይመለስለት ምንም አይሠራም። ባሌ «መስኮቱን ዘግተሻል?» ነበር የሚለኝ። አሁን የተጻፈው ሌላ ነው።

እማዬ ታውቃለች?

በዚህ ግቢ እማማን እንዲህ የሚጠራ እሱ ብቻ ነበር። ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ምርጫዎች አሉ። «አዎ» ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ፤ መልሼ አነሳዋለሁ።

«ወዴት ነው?» ይላል ቴክኒሺያኑ ስነሳ። ብቻውን መቅረቱን አልወደደውም። «ውሃውስ?»

«መልሱን ይዤ እመጣለሁ» እለዋለሁ።

በዕቃ ቤቱ በኩል አልፋለሁ እንጂ አልገባም። ግቢውን በጥቁር ልብሴ እሻገራለሁ። እማማ በረንዳቸው ላይ ናቸው። ቀና ብለው ያዩኛል፤ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ ያዩኛል። «ዛሬስ ደወለ?» አይሉኝም። እጃቸውን ዘርግተው ከጎናቸው ያለውን በርጩማ ቀስ አድርገው ወደ ራሳቸው ይስቡልኛል።