ባለ ዘውዱ በቦዬ

መምህር ከፈለ ወፍ ፎቶ ማንሳት የጀመረው በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። በዚያ ዓመት ጅማ ውስጥ ሰው የሚነሳው ፎቶ ሁለት ዓይነት ነበር፤ የመታወቂያና የሰልፍ። ስለዚህ አንድ ጤነኛ ሰው ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በማለዳ ጉም ወደ ቦዬ ረግረግ ሲወርድ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አብተው እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

ጓድ አብተው ከአብዮቱ በፊት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። ተሳፋሪ ሁሉ ሳይከፍል ሊወርድ ነው ብሎ የመጠርጠር ልማዱ አብሮት ወደ አብዮቱ ተሻግሯል።

ደግሞም ሌላ ራስ ምታት ነበረበት። ጀማለዲን የሚባል የኮሌጅ ተማሪ ወረቀት በትኖ ከተሰወረ ወር አልፎታል። ቤት ለቤት ተፈተሸ፣ እናቱ ወይዘሮ ለጢፋ ተጠይቀው ተጠይቀው አንድ ቃል አልወጣቸውም።

«ከከተማው አልወጣም» አለ አብተው። «በየመውጫው ኬላ አለ። ያለው ረግረጉ ውስጥ ነው። ስንቅ የሚያመላልስለትም ይሄ መምህር ነው።»

ከፈለ ከቦዬ ሲመለስ ጫማው ጭቃ እንደያዘ ቲጃኒ ሻይ ቤት ጎራ ማለት ይወድ ነበር። አብተው ቲጃኒን አስጠራውና ጆሮውን እንዲያቆም አዘዘው። ቲጃኒ እሺ አለ። በዚያ ጊዜ እምቢ የሚል ሻይ ቤት አልነበረም።

«ዛሬስ ምን አለ?»

«ሽመላ አየሁ አለ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሽመላ ማን ነው?»

«ወፍ ነው።»

«እሱማ ላንተ ነው ወፍ።»

አብተው አንዱን አብዮት ጠባቂ፣ ቱሉን፣ ቄጠማ ውስጥ አድፍጦ እንዲከታተል ላከው። ቱሉ ጉንፋን ይዞ ተመለሰ።

«ጓድ፣ እንዲህ ያለ ሰላይ አይቼ አላውቅም» አለ እያነጠሰ። «ነጭ ጋቢ ለብሶ ከሩቅ ይታያል። እያፏጨ ነው የሚሄደው። ወፎቹ እንኳ ሰምተውት ይበራሉ።»

«ብልጠቱ እሱ ነው» አለ አብተው።

አንድ ቀን ወደ ማታ ቲጃኒ ሳይጠራ ራሱ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ወላሂ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ዛሬ የሰማሁት ከበደኝ። ነገ ማለዳ ባለ ዘውዱ ከነአጃቢዎቹ ቦዬ ይወርዳል ብሎ ለሰዉ ሁሉ ሲያወራ ነበር።»

አብተው ከወንበሩ ተነሳ። «ዘውድ ወድቆ የለም እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሻይ ነው የምቀዳው።»

አብተው ግን ገባው። አናርኪስቱ ከፊውዳሉ ጋር ተጋብቷል ማለት ነው፤ ሰርጉ ደግሞ ነገ ቦዬ ላይ ነው። ጠመንጃ ያለው ሁሉ እንዲከተት አዘዘ።

«የሰቃ መንገድ ኬላስ?» አለ ቱሉ። «ነገ ተረኛው እኔ ነኝ።»

«ለአንድ ማለዳ ነው። በዚህ ጉም ከአህያ በቀር ማን ያልፋል?»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጭቃው ውስጥ ተኙ። ጉሙ የገዛ እጅን አያሳይም። አብተው ከፊቱ የተንቀሳቀሰውን ጥላ ለመተኮስ ሲያነጣጥር ጥላው አነጠሰ፤ ቱሉ ነበር። አልቅት የአንዱን ጠባቂ ቁርጭምጭሚት ያዘው፤ ለአብዮቱ ሲል ዝም አለ።

ከፈለ እያፏጨ መጣ። ነጭ ጋቢው ጉሙ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ከዚያ ቆመ።

ጉሙ መሳሳት ሲጀምር ከላይ እንደ ጡሩምባ ያለ ድምፅ ተሰማ። ረጃጅም ወፎች አንድ በአንድ ወረዱ። አናታቸው ላይ ወርቃማ ላባ ቆሟል። አንዱ አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳ፤ ሌላው ክንፉን ዘርግቶ ዘለለ። ከዚያ ሁሉም ይጨፍሩ ጀመር።

«ኤዬ» አለ ቱሉ አፉን ከፍቶ። «ባለ ዘውዱ መጣ።»

«እጅ ወደ ላይ!» ብሎ አብተው ብድግ አለ።

ወፎቹ በረሩ። ከፈለ እጁን አነሳ። ሁለት ጠባቂዎችም ግራ ገብቷቸው አነሱ።

ቦርሳው ተፈተሸ፤ ግማሽ ዳቦ ተገኘ። አብተው «ስንቅ!» ካለ በኋላ የተገመጠ መሆኑን አየ። ካሜራውን ፈልቅቆ ፊልሙን እንደ በግ አንጀት ጎትቶ አወጣና ጀማለዲንን ፍለጋ ወደ ብርሃን ዘረጋው።

«የስንት ጊዜ ልፋት ነበር» አለ ቱሉ አዝኖ።

«ግድ የለም» አለ ከፈለ። «ወፎቹ ይመለሳሉ። እንደውም ማዶ ከቄጠማው ጀርባ ሌላ ባለ ዘውድ አለ፤ ካላመናችሁኝ ሄደን እንየው።»

አብተው ማመን ሥራው ስላልነበረ ሁሉንም አስከትሎ ማዶ ሄደ። ፀሐይ ጉሙን ጠርጋ እስክትጨርስ ቄጠማ ሲገልጡ ቆዩ። ያገኙት እንቁራሪት ነው።

ከፈለን ቀበሌ ወሰዱት። በዚያ ጊዜ ቀበሌ የገባ ሁሉ በገባበት በር አይወጣም ነበር። ተጠየቀ፣ ተገላመጠ፣ ሁለት ጥፊ ቀመሰ። ከቀትር በኋላ አብተው ጭቃው ሱሪው ላይ ሲደርቅ ሰለቸው። ከእንግዲህ ያንን ወፍ በሌላ ስም እንዲጠራው አስጠንቅቆ ለቀቀው።

ከፈለ በቀጥታ ወደ ቲጃኒ ሻይ ቤት ሄደ። የጠቆመበት ቲጃኒ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ስለነበር፣ ጠብ የፈሩ ሁለት ደንበኞች ሒሳባቸውን ጥለው ወጡ።

ከፈለ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ጉንጩ አብጧል። ቲጃኒ ሻዩን አስቀመጠለት፣ ጠረጴዛውን ጠረገ፣ ወደ በሩ አየና ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ መምህር፤ ጀማለዲን ማለዳ ኬላውን አልፎ ሰቃ ገብቷል።»