በሻሹ ጫፍ የተቋጠረው
የፈሪሀ እናት ክንድ ቀጭ ያለው ግማሽ ማዳበሪያ ማሽላ ጎተት ሲያደርጉ ነበር። አሁን በጄሶ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተጋድሟል። ለጥየቃ የመጡት የቆቦ ጎረቤቶች፣ ከአዲስ አበባ የደረሰችውን ፈሪሀን ከበዋታል፤ የምትመራመረው ስለ አጥንት ነዋ!

«ያረጀ አጥንት እየበሉ የሚያነሱ ሴሎች አሉን» አለች፣ ድምጿን ሞላ አድርጋ። «ብሉ፣ ይብቃችሁ የሚለውን ትእዛዝ የሚያደርሱላቸው ኢንዛይሞች ናቸው። ትእዛዙ ከተዛባ ደህናውንም ይበሉታል።»

«ምን ያዛባዋል?» አሉ ጎረቤታቸው ኡሙሰልማ።

«እርጅና። ደግሞ ለቁርጥማት እየተባለ ያለ ሐኪም የሚዋጥ ኪኒን አለ።»

እናቷ በደህናው እጃቸው የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው እሽግ ኪኒን አወጡ። «እንዲህ ያለው ይሆን?»

ፈሪሀ ገና ከሩቁ አወቀችው። ጉልበቴን ባሏት ቁጥር ለቁርጥማት ስጡኝ ብላ እየገዛች፣ ስሙን እንኳ ሳታነብ በአውቶቡስ ረዳት የምትልክላቸው እሱን ነበር።

«ያ ረቢ! ማነው ይሄን የሰጠሽ?» ጮኹ ኡሙሰልማ።

እናቷ ፈገግ ብለው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ግን ተዉት።

«ከገበያ ነው» አሉና ኪኒኑን መልሰው ሊቋጥሩት ሞከሩ። በአንድ እጅ ቋጠሮው አልጠብቅ አላቸው።

ፈሪሀ አንገቷን ደፍታ ተጠጋችና አጠበቀችላቸው።