የአውራ ጣት ቀለም

አምቦ መናኸሪያ አጠገብ በረንዳ ላይ የሚያድሩትን ለመቁጠር ከሃዋኒ ጋር በበጎ ፈቃድ ወጣን። ሰው ሁለቴ እንዳይቆጠር፣ እንደ ምርጫ ቀን፣ የተቆጠረ ሁሉ አውራ ጣቱን ቀለም ይቀባል ተብለናል።

የመጀመሪያው ሽማግሌ ጣት ግን ተቀብቶ ነበር። አጠገባቸው የተኛችው ሴትም እንዲሁ።

«ኦቦ፣ ማን ቀባዎት?»

«ጓደኛችሁ ናታ። ቅድም ቆጥራን ሄደች።»

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ሃዋኒን በጎሪጥ አየኋት። «ብቻሽን መጥተሽ ነበር እንዴ?»

«ኧረ በእመቤቴ! የቀለሙን ጠርሙስ እንኳን ገና አልከፈትነውም።»

«እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋችልኝ። ንጹሕ ነበር።

«ያንቺስ?» አለች ተቀይማ።

ብርዱን ፈርቼ ከቤት አጥልቄው የወጣሁትን ጓንት አወለቅሁ። አውራ ጣቴ ተቀብቷል። ቀለሙ ገና አልደረቀም።