መርከብ የቆመ ዕለት

ደንገል ወደብ ላይ የሽርሽር መርከብ በቆመበት ቀን ለቅሶ በሕግ ክልክል ነው። እንግዳ እንዳይከፋው ጥቁር ልብስ እንኳ ውጭ አይሰጣም። አንጓች ባሏን ከቀበረች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ መርከብ የማይመጣበት ቀን ጠፍቶ፣ ጥቁር የነከረችው ቀሚሷ ጓዳ እንደተሰጣ ሻገተ።

ዛሬ ግን ከነሻጋታው ለበሰችው። እንግዶቹ የሚወርዱበት መሰላል ሥር ቁጭ ብላ ደረቷን እየደቃች እሪ አለች።

«ኧረ እትዬ አንጓች፣ እንግዶቹ እያዩ ነው!» አለ ጥበቃው።

«ይዩኛ! እነሱ አገር ሞት የለም እንዴ?»

ጆሮዋ ላይ አስተርጓሚ መሣሪያ የሰካች ወጣት እንግዳ ካሜራዋን ደቀነችባት። አንጓች ቀና ብላ አየቻት።

«ለቅሶ ልትደርሺ ከሆነ ነይ ተቀመጪ፣ ልጄ። ለማየት ከሆነ ግን፣ አልቅሼ እስኪወጣልኝ መርከብሽ ላይ ጠብቂ!»