ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ካባ

እንዳላማው ትልቅ ነገር ይወዳል። በግ ሲገዛ ትልቁን፣ ጃንጥላ ሲገዛ ትልቁን። የወንድሙ ልጅ አበባው ሊያገባ ነውና ለሙሽራዋ ካባ ፈርጥ እንዲገዛ ደብረ ማርቆስ የተላከ ዕለትም ይኸው አመሉ አልለቀቀውም።

ባለሱቋ ነፊሳ ሁለት ሳህን አቀረበችለት። በአንዱ ምስር ምስር የሚያካክሉ፣ በሌላው ሽምብራ ሽምብራ የሚያካክሉ ፈርጦች ነበሩ።

«ጋሼ፣ ትንንሾቹ መስታወት ናቸው» አለችው። «ከበድ ይላሉ፣ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ያለ የሌለውን ቀለም ይረጫሉ። ትልልቆቹ ፕላስቲክ ናቸው። ዛሬ ቢያምሩም ሁለት ሦስቴ ከተለበሱ ይደበዝዛሉ። ለሙሽራ ከሆነ መስታወቱን ይውሰዱ።»

«ምስር ለወጥ ነው» አለና ሽምብራዎቹን አሳፈሰ።

ካባው ተሰፋ፣ ፈርጡ ተለጠፈበት፣ የአበባው እናት አይታ እልል አለች። ጉዱ የመጣው ጥሎሹ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የጥሎሹን ሻንጣ የሚያዩት የሙሽራዋ አክስት ወይዘሮ ሥራነሽ መሆናቸው ተሰማ።

ወይዘሮ ሥራነሽን ሉማሜ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጥሎሽ ሲቀርብ ዕቃው አንድ በአንድ ወጥቶ ለሙሽራዋ ወገን ይታያል። እሳቸው ካሉበት ግን ማየት አይደለም፣ ምርመራ ነው። አምና ከአንድ የቁይ ሙሽራ የመጣውን ጫማ አጠፍ ቢያደርጉት ሶሉ ተሰነጠቀና ሻንጣውን ከነሽማግሌዎቹ መልሰው ሰደዱት። ያ ሙሽራ እስካሁን አላገባም።

እንዳላማው ወደ ነፊሳ ሱቅ በረረ።

«ነቅለን መስታወቱን ብንለጥፍስ?»

«ሙጫው ከነጨርቁ ነው ተነቅሎ የሚመጣው።»

«እሺ፣ ወይዘሮ ሥራነሽ በምን ይለዩታል?»

«በከንፈር» አለች ነፊሳ። «መስታወት ከንፈር ላይ ሲያርፍ ይቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ አይቀዘቅዝም። እሳቸው እዚህ ሲመጡ ሁሉንም በከንፈራቸው እየነኩ ነው የሚገዙት። አንድም ቀን ተሸውደው አያውቁም።»

እንዳላማው ራሱን እያከከ ወጣ። መናኸሪያ ሲደርስ ግን ፊቱ በርቶ ነበር።

ከጥሎሹ በፊት ባለው ቀን ሉማሜ ካለ ግሮሰሪ ገብቶ ቢራውን ከማቀዝቀዣ አስወጣና ካባውን አስገባ። ባለቤቱ ምነው ቢለው፣ «ብል እንዳይበላው» አለ። በማግስቱ ካባውን በረዶ በሆነ ሃይላንድ ውኃ ግራና ቀኝ አጅቦ ሻንጣ ውስጥ ከተተው። እጁ እስኪቆረፍድ ቀዝቅዟል። እንዳላማው ለራሱ ጎበዝ አለ።

ስድስት ሰዓት ላይ ከሙሽራዋ ቤት ደረሱ። ወይዘሮ ሥራነሽ የሉም!

«ጠዋት ለጉዳይ ደብረ ማርቆስ ሄደዋል፣ እየመጡ ነው» ተባለ። እሳቸው ሳይኖሩ ሻንጣ የሚከፍት ወንድ ከየት ይመጣል? ተቀመጡ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሻንጣው ያንጠባጥብ ጀመር።

«ኧረ ሻንጣው ያፈሳል!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ጸበል ነው» አለ እንዳላማው ሳያስበው። «ትዳሩን ይባርክልን ብለን ነው።»

ቤቱ በሙሉ አማተበ። አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብለው ጠብታውን ግንባራቸው ላይ ቀቡት።

ወይዘሮ ሥራነሽ ስምንት ሰዓት አልፎ ገቡ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ከአፋቸው ጥግ «እንዴት ዋላችሁ» ብለው ተቀመጡ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ጠላ ተቀዳላቸው። አንዴ ፉት ቢሉት በአገጫቸው ወርዶ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ጠረጉትና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«አልቆልናል» አለ እንዳላማው በሹክሹክታ። «ከንዴታቸው ብዛት መዋጥ አቅቷቸዋል።»

አበባው ላብ አጠመቀው። ሙሽራዋን ወንጌላዊትን አራት ዓመት ነው የጠበቃት። «ጋሼ፣ እሷን ካጣሁ መርጡለ ማርያም ሄጄ እመነኩሳለሁ፤ ኃጢአቱ ያንተ ነው።»

ሻንጣው ተከፈተ። ቀሚሱ ታየ፣ አለፈ። ጫማው ታጠፈ፣ አልተሰነጠቀም። ተራው የካባው ሆነ። እንዳላማው ሲያወጣው ተሳስቶ የነካው አስመስሎ አንዱን ፈርጥ ከንፈሩ ላይ አሳረፈው።

ሞቋል። ቅዝቃዜው ከሃይላንዱ ጋር ቀልጦ አልቋል። ካባውን አቀብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ወይዘሮ ሥራነሽ ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው ፈርጡን ከንፈራቸው ላይ አኖሩት። ከደረቱ ሌላ ሞከሩ። ከአንገትጌው ሦስተኛ ሞከሩ፣ ግንባራቸው ተኮሳተረ። ወንጌላዊት ከጓዳው በር ቆማ የቀሚሷን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

«ይኼ…» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ እየጎተቱ። «ይኼ መስታወት ነው። ያውም የመስታወት ቁንጮ! ከንፈሬን አደነዘዘው እኮ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አበባው የሚያቅፈው ሰው አጥቶ ምሰሶውን አቀፈ።

እንዳላማው ግን እንባው መጣ። ፈርጡ መሞቁን ያውቃላ! ሮጦ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ፣ ሳመ፣ አልነሣም አለ።

«አውቀው ነው የማሩን» አለው አበባውን፣ አፍንጫውን እየጠረገ። «ስለ እናንተ ፍቅር ሲሉ በሰው ፊት ዋሹ። እኚህን የመሰሉ ደግ ሴት ስናማ ኖርን! በል፣ ለፋሲካ በግ ይገባላቸዋል፤ ትልቁ በግ።»

ወይዘሮ ሥራነሽ ምርቃታቸውን በአጭሩ ጨርሰው ወደ ጓዳ ገቡና የእህታቸውን ጆሮ ፈለጉ።

«ጠዋት ጥርሴን የነቀለልኝ ሐኪም ማደንዘዣው እስከ ማታ አይለቅዎትም ብሎኝ ነበር» አሉ፤ «እንኳን የፈርጡን ቅዝቃዜ፣ ከንፈሬ ራሱ የት እንዳለ አላገኘሁትም።»