በአንድ አፍ የሚናገር ስፒከር

ልብስ ሰፊዋ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው በስፒከር ምክንያት ነው።

ባሏ የቶርኖ ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲጮህበት የኖረ ጆሮ ይዞ፣ በስተርጅና የሙዚቃ ክፍል ካልሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። አሮጌ ሳጥንና የተሰበረ አልጋ የታጨቀበትን የኋላ ክፍል ጠረገ። ድምፅ እንዳይመልስ ብሎ ግድግዳውን በአሮጌ ምንጣፍ አለበሰው። ለበሩ ቁልፍ ገዛ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ሙዚቃ ለመስማት ቁልፍ ምን ይሠራል?» አለች ሬዲዮ።

ሬዲዮ ጎረቤቷ ናት። ስሙን ያወጣላት ሠፈሩ ነው። ወደ ግቢው ከገባች ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ ግን የማን ድመት ከማን ቤት እንዳደረች ጠንቅቃ ታውቃለች። መዋል የምትወደው ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነው። ሌላ ቤት ያቋርጧታል።

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች የስፌት መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች። አንገቷ ላይ ሻሽ ጠምጥማለች፤ በሙቀትም አታወርደውም።

«ደግሞ ይሄ ቤት» አለች ሬዲዮ፣ «እኔ ከመጣሁ ወዲህ እንኳን ዘፈን፣ ጸብ ተሰምቶበት አያውቅም። እኔና ያ ከይሲ ባሌ ያለ ስፒከር ሠፈሩን እናስደምጥ ነበር! ያሉሽን ካሴቶች ደግሞ ከሆስፒታል የተመለስሽ ጊዜ ሰብስበሽ አቃጠልሻቸው አሉ። ታዲያ ይሄ የሙዚቃ ፍቅር ዛሬ ከየት መጣበት? ከቤት ነው ወይስ ከውጭ?»

የስፌት መኪናው ቆመ።

ሁለቱ ሴቶች አብረው የሄዱበት ስፒከር መሸጫ ከገበያው ጥግ ነው። ሻጩ ወሬ የጠማው ራሰ በራ ሰውዬ ነበር። ሬዲዮ «አንድ የቶርኖ ሠራተኛ...» ብላ ሳትጨርስ ተቀበላት።

«እሱን ነው? ኧረ እሱስ ጉድ ነው! መስኮት የሚያንቀጠቅጠውን ትልቁን አሳየሁት፤ ‹ቤዙን ለጭፈራ ቤት ስጥልኝ› አለኝ። ባለ ሦስቱን አሳየሁት፤ ቀጭኑ ድምፅ ከላይ፣ ወፍራሙ ከታች የሚወጣውን። ‹ሰው በሦስት አፍ አይናገርም› ብሎኝ እርፍ። በመጨረሻ የወሰደው የእነዚህን ወንድሞች ነው።»

ተራ የእንጨት ሳጥኖች ናቸው። በእያንዳንዳቸው መሃል ድምፅ የሚያወጣ አንድ ክብ ወረቀት ብቻ አለ።

«ፉል ሬንጅ ይባላሉ። ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ሁሉም በአንድ አፍ ነው የሚወጣው። ጭፈራ አይሆንላቸውም። ሰው ሲናገርባቸው ግን አጠገብሽ የተቀመጠ ነው የሚመስልሽ። ደግሞ ዘፈን መች ሞከረባቸው? ካሴት በኪሱ ይዞ ይመጣል። የሴት ድምፅ ነው። ትስቃለች፣ ‹ጠጋ በል› ትላለች። እኛ አፍረን ወደ ውጭ እንወጣለን፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል።»

ሬዲዮ ደረቷን መታች። «ሰማሽ እህቴ?»

ሻጩ እሳት ላይ ቤንዚን እንደጨመረ ገባው። ወሬ ለማስቀየር ማይክ አንስቶ ለልብስ ሰፊዋ ዘረጋላት። «እትዬ፣ ይሞክሩት እስቲ። ሰው ራሱን ሲሰማ እኮ ከኔ ጋር ነው የሚጣላው። ‹ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም፣ ዕቃህ ተበላሽቷል› የማይለኝ የለም።»

እጁን ገፋችው። ሬዲዮ ማይኩን ነጠቀች። «ሄሎ፣ ሄሎ... ውይ! ይህቺ ዶሮ ደግሞ ማናት?»

ሻጩ ሲስቅ ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ወጥታ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ባሏ የኋላውን ክፍል ከውስጥ ቆለፈ። እሷ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«አንተ! አጥፋው አልኩህ እኮ!» ትላለች ሴቲቱ። ከዚያ ሳቅ። «እሺ፣ ጠጋ በል። እናትህ እንዳይሰሙን።»

እናቱ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! እንግዲህ ነገሩ የዛሬ የትናንት አይደለም። እሷ አልጋ የያዙ አማቷን ስታገላብጥ ወገቧ ሲቆረጥ፣ እሱ እዚያው ጣሪያ ሥር ከዚህች ጋር ይሳሳቅ ነበር ማለት ነው።

ድምፁ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ጥጋበኛ ነበር። እንዲህ የሚስቅ ሰው በሕይወቱ ምንም ነገር አጥቶ አያውቅም ብላ አሰበች። ጠላችው።

ሰኞ ጠዋት ባሏ ቱታውን ሲቀይር ቁልፉን ሱሪው ኪስ ውስጥ ረስቶ ወጣ።

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። ሁለቱ ስፒከሮች በቶርኖ በተስተካከለ ብረት ላይ ቆመዋል። ከፊታቸው ወንበር፤ አንድ ሳይሆን ሁለት። ሁለተኛው ላይ አዲስ ትራስ ተቀምጧል።

ትራሱን ስታይ የቀረቻት ትዕግሥትም ተበጠሰች። የጨርቅ መቀሷን አመጣች። መጀመሪያ ትራሱን፣ ቀጥሎ ሁለቱንም ክብ ወረቀቶች ወጋች። ካሴቱን ከቴፑ አውጥታ ክሩን እየጎተተች፣ እየጎተተች ቆራረጠችው። ልብስ ቢሆን ቀጥ አድርጋ ነበር የምትቆርጠው። ይሄን ግን አደቀቀችው፤ ዳግመኛ ማንም እንዳይገጥመው።

ባሏ ቁልፉ ትዝ ብሎት ሲመለስ በሩ ክፍት ነው።

ወለሉ ላይ ተንበረከከ። የፀጉር ያህል ብረት የሚልጉት ጣቶቹ ሁለት የክር ቁራጮች አንስተው ጫፍ ለጫፍ ሊያገናኙ ሞከሩ። አልሆነላቸውም።

እሷ የካሴቱን ቀፎ በእግሯ ወደ እሱ ገፋችና አገጯን ቀና አደረገች። ፊቷን ማንበብ ከለመደ ቆይቷል።

«ማን ናት ነው የምትዪኝ?»

ዓይኗን አልነቀለችም።

«አንቺ ነሽ እኮ» አላት፤ «ሐኪሞቹ ድምፅሽን ሳይወስዱት በፊት። የቀረን ይሄ ብቻ ነበር።»