የኋላ ወንበር

መኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ ላቮን የቀዩን ፒካፕ የኋላ በር ከፍታ ገባችና መሀል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷ የፊቱን ወንበር አልነካም። የመቀመጫውን ስፋት በስንዝር ለካች፤ የልጅ ልጇ ጆሲ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ብትዘረጋ እንኳ ይበቃታል።

«ይሄ ነው!» አለች በተከፈተው በር። «ድዋይት፣ ና እየው። ጆሲ ተኝታም ትሄድበታለች።»

ልጇ ድዋይት አልመጣም። እጆቹን ኪሱ ከቶ፣ ከሻጩ ከመርል ጎን ቆሞ ነጩን ፒካፕ ያያል። ነጩ ባለ አንድ ጋቢና ነው፤ ከሹፌሩ ሌላ አንድ ሰው ቢይዝ ነው፤ የጭነት ሳጥኑ ግን ረጅም ነው። የነብራስካ የጥቅምት ንፋስ ከእህል ጎተራው የበቆሎ ገለባ እያመጣ ግቢው ውስጥ ይበትናል።

«እትዬ ላቮን፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ መርል ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። «ቀዩ ያምራል። ግን ለኋላ ወንበሩ ብለው ሳጥኑን አሳጥረውታል። የባለ ጎማው ተጎታች ቤትዎ አፍንጫ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ጠበብ ያለ ቦታ ሲታጠፉ ዞሮ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ይገጭልዎታል።»

«ምንም አይደረግም?»

«ይደረጋል እንጂ። ወደ ኋላ የሚንሸራተት መጎተቻ አስርልዎታለሁ። ግን እንዲህ ባጋጠመዎት ቁጥር ወርደው ማንሻውን መሳብ ነው። ነጩ ላይ ተራው መጎተቻ አንዴ ከታሰረ ጣጣ የለውም።»

«ወርጄ እስባለኋ! እጄን ቀበሮ አልበላው።»

መርል ሳቀ። ድዋይት አልሳቀም።

«እማ፣ ነጩ ይሻልሻል። ለአንድ ሰው የኋላ ወንበር ምን ያደርጋል?»

የሚቀልድ መስሏት ነበር። ባሏ ሃሮልድ የሞተ ጊዜ የከብት እርባታውንም ቤቱንም በድዋይት ስም አዛውራ፣ ቤቱ እስኪታደስ ብላ ከዛፎቹ ጀርባ ወደቆመችው ትንሽ ተጎታች ቤት ገባች። ቤቱ ታደሰ። ተመለሽ ያላት የለም። ያለፈው ሳምንት ድዋይት «ተጎታችሽን የሚስብ መኪና ልግዛልሽ» ሲላት በደስታ ያን ሌሊት አልተኛችም። ትምህርት ሲዘጋ ከጆሲ ጋር ሐይቁ ዳር ሄደው ዓሣ ሊያጠምዱ ነው። ለጆሲም ነግራታለች።

«እንዴ፣ ጆሲስ?»

ድዋይት መሬቱን በጫማው ጫፍ ጫረ። መርል ስልኩን አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈና ወደ ቢሮው አዘገመ። ስልኩ አልጮኸም ነበር።

«አሪዞና ሩቅ ቢሆንም አሁን ሞቃት ነው» አለ ድዋይት። «ባንቺ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ተጎታቻቸውን እየያዙ ይሰፍሩበታል። ካርታ ይጫወታሉ፣ ይጨዋወታሉ። ደስ ይልሻል።»

«እስከ መቼ?»

«እንግዲህ እናያለን። የክሪስቲን እናትና አባት ጠቅልለው ሊመጡ ነው። ተጎታችሽ ከዛፎቹ ጀርባ የምትቆምበት ቦታ ላይ ትንሽ ቤት ልንሠራላቸው ነው።»

ክሪስቲን ሚስቱ ናት። ላቮን ከቀዩ መኪና ወርዳ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች።

ተጎታች ቤቷ እዚሁ መሸጫው ግቢ ጥግ ቆማለች። ከፍታዋን ከመኪናው ጋር ለማስማማት ብሎ ጠዋት በጎረቤት መኪና ያስመጣት ድዋይት ነው። ተጠግታ በመስኮት አየች። ወለሉ ላይ እሷ ያላሰረቻቸው ካርቶኖች ተደርድረዋል። ከትልቁ ቤት ግድግዳ ላይ የነበረው የሃሮልድ ፎቶ በፎጣ ተጠቅልሎ ከላይ ተቀምጧል።

«ዛሬ ነው?»

«አውራ ጎዳናው ከዚህ ቅርብ ነው። ወደ ቤት ተመልሰሽ ደግሞ እንደገና መውጣት…»

«ጆሲ ከትምህርት ቤት አልወጣችም።»

«እሱም ይሻላል እማ። ታለቅሳለች።»

ፊቱን አየችው። አገጩ የሃሮልድ ነው፤ ዓይኑ የራሷ።

«ነጩን» አለች ቁልፍ ይዞ ለመጣው ለመርል።

መጎተቻው ነጩ ላይ ታስሮ አለቀ። ከዚያ ላቮን መሪውን ይዛ ወደ ተጎታቿ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረች። ድዋይት እጁን አነሳ።

«ወደ ግራ… ትንሽ ወደ ግራ…»

«ዞር በልልኝ።»

የመጎተቻው መንጋጋ የተጎታቹን ወፍራም ብረት ጓ! አድርጎ ነከሰ። ወርዳ ቆለፈችው፤ የፍሬኑንና የመብራቱን ገመድ ሰካች፤ የተጎታቹን እግሮች አነሳች። ተመልሳ ገብታ፣ የተጎታቹን ፍሬን ይዛ፣ መያዙን ለማየት ቀስ ብላ ወደ ፊት ሳበችው። አልተላቀቀም።

ድዋይት በረጅሙ ተነፈሰ። ትከሻው ዝቅ ሲል በስፖኪዮ አየችው።

መጥቶ መስኮቷ ላይ ተደገፈ። «ስትደርሺ ደውይልኝ፣ እሺ?»

«ለጆሲ ምን ትላታለህ?»

«አያትሽ ሽርሽር ወጣች እላታለሁ።»

ቀበቶዋን አሰረች። እሱም ወደ ኋላ ሄዶ የጭነት ሳጥኑን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታ፤ ጧ፣ ጧ።

እርባታው ላይ የመጨረሻው ጥጃ መኪናው ላይ ተጭኖ በሩ ሲቀረቀር እንዲህ ነበር የሚመታው፤ «ንጂ» ማለት ነው። መሪው ላይ የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ትንሹ ድዋይት አይደርስምና ሃሮልድ ከፍ ያደርገው ነበር፤ ልጁም በትንሽ መዳፉ ሁለቴ መትቶ ይስቃል። ከዚያ ከብቶቹ ለገበያ ይሄዳሉ።

እግሯ ሳታዘው ፍሬኑን ለቀቀ።